የአምባዬ ጊታር አንገት

ሐጂ ጀማሉዲን መጥረቢያውን ከፍ አድርጎ አሳረፈው፤ እንጨቱ በአንድ ምት ለሁለት ተገመሰ። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ጨርቅ ሲቀድ ያላየው ሰው የለም፣ እንጨት ሲፈልጥ ግን ከዛሬ በፊት ማንም አላየውም። ዛሬ የታናሽ ወንድሙ የሀፊዝ ለቅሶ ሁለተኛ ቀን ነው። የደሴ ነሐሴ ዝናቡን ከሌሊት ጀምሮ አላቋረጠም፤ የመንደሩ ዕድር፣ ቅሬው፣ ያዋጣው ማገዶም ረጥቦ ከጭስ በቀር ነገር አልወጣው ብሏል። ለለቀስተኛው የተጣደው ድስት ገና አልፈላም።

"ይተውት እንጂ ሐጂ፣ እኛ እንፈልጠዋለን" አለች ኩኩ፣ የቅሬው ሴቶች አለቃ፣ ጭሱን በሻሿ ጫፍ ከፊቷ እየገፋች።

"አብሽሪ። ደረቅ እንጨት አግኝቼልሻለሁ።"

ያገኘው ከወርክሾፑ ደጃፍ ነው። ሴቶቹ ትናንት የሟቹን ወርክሾፕ ለለቀስተኛ መቀመጫ ሲያስለቅቁ፣ ወለሉ ላይና ጠረጴዛው ላይ ያገኙትን እንጨት ሁሉ ሰብስበው ዝናብ እንዳይነካው ክፈፉ ሥር ደርድረውት ነበር። ሐጂ ከመካከሉ ረዘም ያለውን፣ ለስለስ ያለውን፣ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን መረጠ። ጥሩ ዕቃ መምረጥ ያውቅበታል፤ አርባ ዓመት የኖረበት ነው። እሳቱ ወዲያው ተያያዘ፣ ድስቱ መንተክተክ ጀመረ፣ ኩኩም መረቀችው። ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ "አሏህ ይርሀመው" ሲሉት "አሚን" ከማለት ያለፈ አንድ ነገር ለወንድሙ አደረገ።

ይኼ ደስታ ሩብ ሰዓት ቆየ። የሀፊዝ አንድያ ልጅ ሐምዲያ የታጠበ ሳህን ተሸክማ በማድቤቱ በኩል ስታልፍ ዓይኗ ምድጃው ላይ ዐረፈ። ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ እጇን ወደ እሳቱ ሰደደችና አንድ ጉማጅ ጎትታ አወጣች። ያልተቃጠለው ጫፉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮችና ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ።

"ይኼን ማን አመጣው?"

"እኔ" አለ ሐጂ። አሁንም ትንሽ እንደኮራ ነው። "ምነው?"

ሐምዲያ ጉማጁን አየች፣ አጎቷን አየች። "ምንም አይደል አጎቴ" አለችና የጉማጁን እሳት መሬት ላይ አጥፍታ በሻርፗ ጠቅልላ ሄደች።

ሐጂ ነጋዴ ነው፤ "ምንም አይደል" ብሎ የሚወጣ ደንበኛ ምን ማለቱ እንደሆነ አይጠፋውም። መጥረቢያውን ጣለና ተከተላት።

ወደ ወርክሾፑ ገባች። እሱ ደፉ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለዒድ፣ ለሰርግ፣ ለሕመም ወደዚህ ግቢ ሲመላለስ ይኼን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። ሀፊዝም ግባ ብሎት አያውቅም፤ ሳሎን ያስቀምጠዋል፣ ሻይ ያቀርብለታል፣ ስለ ጨርቅ ዋጋና ስለ ዘመድ ጤና ያወራሉ፣ ከዚያ እስከ በር ይሸኘዋል። የሙዚቃ ዕቃ የሚባል ነገር በሁለቱ መካከል ተነስቶ አያውቅም። ሐጂ ይኼን እንደ መከባበር ይቆጥረው ነበር።

አሁን ገባ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ሰው ግን ገና አልተቀመጠበትም። ግድግዳው ላይ፣ ሴቶቹ ከማይደርሱበት ከፍታ፣ አንድ የጊታር ሆድ ተሰቅሏል። ፊቱ የጥድ ጣውላ ነው፣ ጎንና ጀርባው ዋንዛ። አንገት የለውም።

"አንገቱ ነበር" አለች ሐምዲያ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው ይበልጥ የጨነቀው። "ስምንት ወር ፈጅቶበታል። ለመገጠም አንድ ሳምንት ነበር የቀረው።"

"ሌላ አንገት አይገኝም? አዲስ አበባ እንላክ። የፈለገውን ያህል ያውጣ።"

"ይኼ ለአምባዬ እጅ ነው የተሠራው አጎቴ።" ጉማጁን ከሻርፗ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "አምባዬን አያውቁትም። ጊታር ተጫዋች ነው፣ እንጀራው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መኪና ተገልብጦበት የግራ እጁ የቀለበት ጣት ተሰበረ። ጣቱ ድኗል፣ ግን አይዘረጋም፣ እንደታጠፈ ቀረ። በሱቅ ጊታር መጫወት አቃተው። ባንዱም ሌላ ሰው ተካ። አባዬ 'እጁ ለጊታሩ ካልሆነ ጊታሩን ለእጁ እናደርገዋለን' አለና ጀመረ። አምባዬ በየቅዳሜው ከኮምቦልቻ እየመጣ ይጨብጣል፣ አባዬ ትንሽ ይፍቃል፣ እንደገና ይጨብጣል። በዚያች በታጠፈችው ጣት በኩል አንገቱ ስስ ነው፣ በሌላው በኩል ወፍራም። እንዲህ ያለ አንገት የትም የለም።"

ሐጂ ጉማጁን አየ። በእርሳስ ከተጻፉት ቁጥሮች አጠገብ የሀፊዝ ቀን አጻጻፍ አለ፤ ሁልጊዜ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማል፣ ልጅ ሆኖም እንደዚያ ነበር የሚጽፈው።

"መቼ ነው የሚፈልገው?"

"ጳጉሜን ሦስት አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ባንዱ አንድ ዕድል እንስጥህ ብሎታል። ይዞ ካልመጣ በቃ፣ ያኛውን ልጅ ያስፈርማሉ።"

ሐጂ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ዕለት፣ ጀናዛው ሳይነሳ በፊት፣ በቆመው ሰው ሁሉ ፊት የተናገረው ቃል ጆሮው ላይ ነው። "ሀፊዝ ላይ ሐቅ ያለው፣ አማና ያለው ሰው ካለ ይናገር። ዛሬ ያልተናገረ ነገ ይምጣ። እኔ ተረክቤዋለሁ።" ታላቅ ወንድም እንዲህ ይላል፤ ወግ ነው። ያኔ ማንም አልተናገረም፤ ሐጂም ወንድሙ የማንንም ሐቅ ሳይዝ ሄደ ብሎ አልሐምዱሊላህ አለ። በማግስቱ ያችኑ አማና፣ የሰው አደራ፣ በገዛ እጁ ፈልጦ ድስት ሥር ከተታት።

በሦስተኛው ቀን አምባዬ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ደንቡ እያንዳንዱን ሽማግሌ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሐጂ ጋ ሲደርስ ያቺ የታጠፈች ጣት መዳፉ ውስጥ ገባች። ሐጂ ሳይነግሩት አወቀው።

አምባዬ ስለ ጊታሩ ቃል አልተነፈሰም። ጥግ ይዞ ተቀመጠ፣ የሰጡትን በላ፣ ዱዓ ሲደረግ አንገቱን ደፋ። ሊወጣ ሲነሳ ሐጂ ተከትሎት ተነሳና ከድንኳኑ ጀርባ አስቆመው።

"አንተ አምባዬ ነህ?"

"አዎ ሐጂ።"

"ሀፊዝ ላይ ሐቅ አለህ። ለምን አልተናገርክም?"

አምባዬ አፈረ። "በለቅሶ ቤት እንዴት እናገራለሁ? ጋሼ ሀፊዝ ለእኔ... ይቅር፣ ሐጂ። ሐምዲያ ሲቀልላት ትገጥመው ይሆናል ብዬ ነው እንጂ—"

"አንገቱን አንድጄዋለሁ።"

አምባዬ ያልሰማ መሰለ።

"ማገዶ መስሎኝ" አለ ሐጂ። "እኔ ነኝ የፈለጥኩት፣ ሌላ ሰው የለበትም። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ ነው። አምባዬ የግራ እጁን ቀስ ብሎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሲናገር ፊቱን ወደ ሐጂ አላዞረም።

"እሳቸው ናቸው የሞቱት ሐጂ። እኔ ቆሜ እየሄድኩ ነው። አፉ ብያለሁ።"

"አፉ ማለትህን አልፈልገውም። ማለቴ፣ እፈልገዋለሁ፣ ግን አይበቃኝም።" ሐጂ ወደ ማድቤቱ ዞሮ ተጣራ። "ሐምዲያ!"

ሐምዲያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ሁለቱን አየችና ሁሉ ነገር ገባት።

"ትሠሪዋለሽ?" አላት አጎቷ።

"አንገት ሠርቼ አላውቅም። አባዬ ጎንና ጀርባ ይሰጠኛል፣ ፊቱንም ሰጥቶኛል። አንገት ለማንም አይሰጥም።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

ሐምዲያ አምባዬን አየችው። "ቅዳሜ ቅዳሜ አይበቃም፤ በየቀኑ ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

"እሠራዋለሁ" አለች።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ሹክሹክታው ተጀመረ። በሐዘን ቤት የሙዚቃ ዕቃ ሊሠራ ነው አሉ፤ ደግሞ ሐጂው እያወቀ፤ ደግሞ ያቺ ልጅ፣ በአባቷ ቀብር ላይ ሣር ሳይበቅል። ወሬው ከድንኳኑ ወደ ሴቶቹ ክፍል ዞሮ የሟቹ ሚስት ሸሪፋ ዘንድ ደረሰ። ሸሪፋ ዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ሦስቱን ቀን ድምፅዋን የሰማ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ከመጋረጃው ኋላ ሆና፣ ወንዶቹም እንዲሰሙ አድርጋ ተናገረች።

"ሠላሳ ዓመት በዚህ ግቢ ሲልግ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰኞ ሲቆም ነው ቤቱ ባዶ የሆነብኝ። ልጄ ትላግ። የሚከብደው ካለ ዱዓውን እቤቱ ሆኖ ያድርግልን።"

ከዚያ በኋላ ሹክሹክታው አልጠፋም፣ ግን ዝቅ አለ።

በማግስቱ ሐጂና ሐምዲያ እንጨት ፍለጋ ወጡ። ሐጂ ጉዳዩ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ መስሎት ነበር። ደሴ ውስጥ ጣውላ የሚሸጥበትን ሁሉ አዳረሱ። ሐምዲያ እያንዳንዱን ታነሳለች፣ በጣቷ አንጓ ታንኳኳለች፣ ጉንጯ ላይ ታስደግፋለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ሐጂ ሦስተኛው ቤት ላይ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ይኼ ምን ይጎድለዋል? ዋንዛ አይደለም?"

"ጉም ጠጥቷል። ጉንጭዎን ያስጠጉበት፣ ይቀዘቅዛል። አሁን ብሠራው መስከረም ላይ ፀሐይ ሲያገኝ ይጣመማል፣ ከነክሩ።"

"እሺ፣ የደረቀውን እንግዛ። ዋጋው ምንም ይሁን።"

"እንጨት በብር አይደርቅም አጎቴ። ሃያ ዓመት ከዝናብ ተጠልሎ የተቀመጠ፣ ምስማር ያልመታው፣ የውስጥ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው የምፈልገው። አባዬ ያንን አንገት ከፈረሰ የጥንት ቤት በር ነው ያወጣው፤ በሩን ደግሞ ስድስት ዓመት ሲለምን ኖሮ ነው ያገኘው።"

ሐጂ መንገዱ መሐል ቆመ። "ነይ" አላት። ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከተታት።

የሐጂ ሱቅ ለቅሶው ከጀመረ አልተከፈተም። መዝጊያውን ግማሽ ድረስ ገፋ አድርጎ አስገባት። ውስጡ ሞቃት ነው፣ አዲስ ጨርቅ ይሸታል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ደንበኛንና ነጋዴን የሚለየው ወፍራም የዋንዛ ባንኮ ተዘርግቷል። ሐጂ ላዩ ላይ የተደረደሩትን ጣቃዎች አንድ በአንድ አነሳ።

"ይኼንስ?"

ሐምዲያ ወደ ባንኮው ቀረበች። አንኳኳች። ጉንጯን አስደገፈች። ተንበርክካ ከሥሩ አየች፣ በጥፍሯ ጫረችው፣ አሸተተች። ስትነሳ ዓይኗ ተለውጧል።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"አባቴ ከቢስቲማ ሲያስመጣው እኔ አልተወለድኩም።"

"ጫፉ ተሰንጥቋል። ደኅናው መሐሉ ነው። መሐሉን ካወጣሁት ደግሞ ባንኮው ለሁለት ይከፈላል።" እጇን ከባንኮው ላይ አነሳች። "ይተውት አጎቴ። ሌላ እንፈልጋለን።"

ሐጂ የቆመበትን ቦታ አየ። የአባቱ ክርን ያጎደጎደው ስፍራ በስተቀኝ ነው፣ የእሱ በስተግራ። በመሐል ያለው እንጨት ጠፍጣፋ ነው፤ ማንም ክርኑን አላሳረፈበትም። ያ የሀፊዝ ቦታ ነበር።

የመናዊው ቅድመ አያታቸው በቅሎ ላይ ጨርቅ ጭኖ ወሎ ከገባ ጀምሮ በዚህ ቤት የተወለደ ወንድ ሁሉ ነጋዴ ነው። ሀፊዝን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው መሐል አቆሙት። እሱ ግን መቆም አልሆነለትም፤ ባንኮው ሥር ገብቶ በምላጭ እንጨት ይቀርጻል፣ ደንበኛ ሲመጣ ጀማሉዲን በእግሩ ይነካዋል፣ እሱም ፀጉሩ ላይ ፍቅፋቂ ይዞ ብቅ ይላል። አባታቸው ይቆጣል፣ ደንበኛው ይስቃል። በሃያ ዓመቱ ደሴ ሄዶ ለአንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ተቀጠረና በዚያው ቀረ። ጀማሉዲን ሱቁን ብቻውን ያዘው። ይኼን አልረሳለትም። ጊታሩ ሐራም ነው የሚለው እውነት የሚያምንበት ነገር ነው፣ ግን ዛሬ ለራሱ አልዋሸም፤ የተቀየመው መጀመሪያ ባዶ በቀረው ቦታ ነው።

ሌላም ያልዋሸው ነገር ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሀፊዝ አንድ ቀን እዚሁ ሱቅ ድረስ መጣ፤ በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ባንኮው ላይ አስቀመጠና፣ "ይኼ አምሮልኛል መሰለኝ። አንዴ ስማኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ" አለው። ጀማሉዲን "ደንበኛ አለብኝ" አለ። ሱቁ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ሀፊዝ ዙሪያውን አየ፣ ፈገግ አለ፣ "እሺ፣ ሌላ ቀን" ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስማኝ ብሎት አያውቅም።

"መጋዝ ይዘሻል?" አለ ሐጂ።

"አጎቴ፣ የአያቴ ነው እኮ።"

"አዎ። ለሁለታችን ነው የተወው። ይኼኛው የሀፊዝ ድርሻ ነው።"

የመጀመሪያውን መስመር ሐምዲያ ጀመረችለት፤ የቀረውን ራሱ ጋዘው። ላቡ በጢሙ ወረደ፣ ሁለቴ ቆሞ ተነፈሰ፣ ላግዝዎ ስትለው አልሰማትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሥራ ሄዱ። ለቅሶው ሦስት ቀን ነው ቢባልም ሰው አላቋረጠም፤ ዘግይቶ የሰማ ከገራዶም ከኩታበርም ይመጣል። የመጣው ሁሉ ሸሪፋን አስተዛዝኖ ሲወጣ፣ ሐጂ ጀማሉዲንን ሽርጥ አገልድሞ፣ ጢሙ ላይ ፍቅፋቂ ተጣብቆበት የእንጨት ጫፍ ይዞ ያገኘዋል። ለማስተዛዘን እጁን ሲዘረጋለት ሐጂ በአንድ እጁ ይጨብጣል፤ ሌላው ከያዘው አይለቅም። ኩኩ ከማድቤቱ ሆና ከበሬ ቆዳ የሚቀልጠውን ኮላ ስታሸት፣ "ይኼን ድስት ለለቀስተኛ እንዳላቀርበው ዓይናችሁን ጣሉበት" ትላለች። ሸሪፋ በመጋረጃው ውስጥ ሳቀች ተባለ፤ ሀፊዝ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐምዲያ ትልጋለች፣ በሞረድ ትፍቃለች፣ አምባዬ ይጨብጣል። "እዚህ ጋ ይወፍራል" ይላል፣ ትፍቃለች። "አሁንም" ይላል። እንዲህ ስምንት ቀን ሆነ። በዘጠነኛው ቀን አምባዬ ጨብጦ ብዙ ቆየና ራሱን ነቀነቀ።

"አንድ ነገር አለ። እጄ ሲወርድ ያደናቅፈዋል። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።"

ሐምዲያ አንገቱን ተቀብላ በዓይኗ አስተካክላ አየች፣ በማስመሪያ ለካች፣ በመዳፏ አሸች። ምንም አላገኘችም። ሞረዱን አስቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ በሰው ፊት ያላለቀሰች ልጅ አሁን አለቀሰች።

"አባዬ ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ያገኘው ነበር። እኔ ያ ጣት የለኝም። ያለ ቦታው ብፍቅ ደግሞ አለቀ፣ ሌላ እንጨት የለም።"

አምባዬ ወደ ሐጂ ዞረ።

"ጋሼ ሀፊዝ እንዲህ ሲሉ እሰማ ነበር። 'ይኼን አውራ ጣት ከአባታችን ነው የወረስነው፣ ግን ወንድሜ ይበልጠኛል። ሁለት ጨርቅ አምጥተህ በጨለማ ስጠው፣ በአንድ ክር የሚበልጠውን ይነግርሃል።' በየቅዳሜው ስለርስዎ ሳያነሱ አይውሉም ነበር።"

"በየቅዳሜው?" አለ ሐጂ።

"በየቅዳሜው።"

እጁን በሽርጡ ጠረገና አንገቱን ተቀበለ። ዓይኑን ጨፈነ። አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ አሳርፎ ሐር እንደሚመረምር ቀስ ብሎ አወረደው። አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ። በሦስተኛው ጉዞ ላይ ጣቱ ቆመ።

"እዚህ። ጠባብ ናት፣ ከጥፍሬ አትሰፋም። ከፍ ብላለች።"

ሐምዲያ በእርሳስ ምልክት አደረገች። በሞረድ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ አሸችው። ሐጂ እንደገና ነካው። "ገና።" አንዴ አሸች። "በቃ፣ አትንኪው።"

አምባዬ ጨበጠ። እጁ ከላይ እስከ ታች ወረደ፣ የታጠፈችው ጣት አብራ ወረደች። ሐምዲያ ፊቱን አይታ ሞረዷን ወደ ሳጥኑ መለሰች።

ከወይራ የተሠራው ጣት የሚረግጥበት ጣውላ ተለጠፈ፣ አንገቱ ከሆዱ ጋር ተጋጠመ፣ ኮላው እስኪደርቅ አምስት ቀን በሞርሳ ተይዞ ቆየ። ክሮቹን ስትወጥር አምባዬ አልነበረም፤ ኮምቦልቻ ሆኖ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ጳጉሜን ሁለት ጠዋት ሐምዲያ ልትወስድለት ተነሳች።

"አንቺ ተቀመጪ" አለ ሐጂ። "ተረክቤዋለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። በእጄ ነው የማስረክበው።"

ሐምዲያ ጊታሩን በአባቷ ጋቢ ጠቀለለችለት። "ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀት ሲጀምር ጋቢውን ይግለጡለት፣ እንዳይታፈን። ጀርባው ላይ ዕቃ አያስጭኑበት።"

የሚኒባሱ ረዳት ከላይ ይጫን አለ፤ ሐጂ ግን ከኋላው ወንበር መስኮት ዳር ተቀምጦ ጭኑ ላይ አጋደመው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጉሙ ከኋላ ቀረ። ታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ ታየ፣ መኪናው ውስጥ ሞቀ። ሐጂ እንደተነገረው ጋቢውን ገለጠ።

አጠገቡ የተቀመጠው ጎልማሳ ጊታሩን አየ፣ የሐጂን ቆብና ነጭ ጢም አየ። "ሐጂ፣ ዘፈን ጀመሩ እንዴ?"

"የወንድሜ ሥራ ነው" አለ ሐጂ። ይኼን ቃል በሕይወቱ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

ሹፌሩ ለቁልቁለቱ ማርሽ ቀየረ። ሞተሩ በወፍራሙ አጓራ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ወንበሩም አብሮ። ያኔ ጊታሩ ድምፅ አወጣ። ማንም አልነካውም። ወፍራሙ ክር ከሞተሩ ጋር መንዘር ጀመረ፣ ቀጥሎም ሁለተኛው፤ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ድምፅ መኪናውን ሞላው። ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩ። ሐጂ ደንገጥ ብሎ መዳፉን ክሮቹ ላይ ከደነው፤ ድምፁ ጠፋ። ክሮቹ ግን ከመዳፉ ሥር አሁንም ይንቀጠቀጣሉ፣ በሕይወት ያለ ነገር ነው የያዘው። ሰዎቹ ወደ ፊታቸው ተመለሱ። መኪናው አንድ መታጠፊያ ጨርሶ ሌላውን ጀመረ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፣ አልጠረገውም።

ከዚያ መዳፉን አነሳ።